ብቻውን የሚቀረው የት ይኖራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ጡረታን ባሕር ማዶ ስለማሳለፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ኑሮ የሚቀልባቸውን አገሮች ይዘረዝራል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ለጡረተኛ ስለሚሰጥ ቪዛም ይናገራል። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ስለ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ነው። ገና ጡረታ ስለወጡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ባሕር ዳር ስለሚሄዱ ባልና ሚስት። ፎቶውም እነሱን ነው የሚያሳየው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን አንድም መስመር የለም። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

እኔ 66 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ 70 ሞልቶታል። 27 ዓመት የሠራሁት ደመወዝና ጡረታ ክፍል ውስጥ ነው። የሰው አገልግሎት ዘመን ስደምር፣ የሰው አበል ሳሰላ ነው የኖርኩት። ወረቀቱን በደንብ አውቀዋለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን ወረቀቱ ላይ የማይጻፍ ብዙ ነገር እንዳለ ገባኝ።

መሄድ የሚለው ሐሳብ የእሱ ነበር። ጉልበቱን ያመዋል። ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሰዓት ስነሳ ኖሬያለሁ፣ የቀረችኝን እንኳ ፀሐይ እየሞቅኩ ልኑራት" አለኝ። ከልቡ ነበር። "አይሆንም" ለማለት አፌ እሺ አላለኝም። አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁና "እስቲ አብረን እንየው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አመዛዘንነው።

በደብተሩ የግራ ገጽ እሱ ይጽፋል፣ በቀኙ እኔ። የእሱ ገጽ ቶሎ ቶሎ ሞላ። አየሩ፣ የቤት ኪራዩ፣ ባሕሩ፣ ጸጥታው። ሁሉም እውነት ነው። በልጅነቱ ያየውን ባሕር እንደገና ለማየት የሚጓጓን ሰው በሂሳብ ብቻ መመለስም አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። የእኔ ገጽ ግን ቀስ እያለ ነበር የሚሞላው። የየአገሩን ሕግ እያነበብኩ ስለነበር።

ብዙ ሰው ጡረታ አንዴ ከጸደቀ በኋላ የትም ቢኬድ እንደዚያው የሚከፈል ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ይጨመርበታል። ጡረተኛው ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም ታይላንድ ከኖረ ግን ጭማሪውን አያገኝም። የመጀመሪያው ተመን ላይ እንደቆመ ይቀራል። ስፔን ወይም ፖርቱጋል የሚኖረው ግን ያገኛል። አንድ ዓይነት መዋጮ ከፍለው፣ እኩል ዓመት ሠርተው፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው የሄዱበት አገር ብቻ ነው። የአውስትራሊያ የአረጋውያን ጡረታ ደግሞ ሰውየው ከአገር ወጥቶ 26 ሳምንት ሲያልፈው እንደገና ይሰላል። ያኔ ሙሉውን የሚያገኘው በሥራ ዕድሜው 35 ዓመት አውስትራሊያ የኖረ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ለዜጋው በአብዛኛው አገር ይከፈላል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። "አልጠቀምበትም" ብሎ ክፍል ቢ የሚባለውን የሐኪም መድን ያቋረጠ ሰው ቢመለስ፣ ያለ መድኑ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት መዋጮው ላይ ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ ያ ቅጣት ዕድሜ ልኩን አይለቀውም።

ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ ስጽፍ ባለቤቴ "አንቺ ደግሞ ቀዳዳ ስትፈልጊ" ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እፈልግ ነበር። ቀዳዳውን ቀድሞ ያላየ ሰው ምን እንደሚገጥመው በሥራዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሕግ ደግሞ ይለወጣል። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2009 ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች ልዩ የግብር ሥርዓት አወጣች። ብዙ ጡረተኞች ከውጭ በሚመጣላቸው ጡረታ ላይ ግብር ሳይከፍሉ ዓመታት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ ለሚገቡ ሰዎች ጡረታው ላይ 10 በመቶ ግብር ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥርዓቱ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። ማሌዥያም እ.ኤ.አ. በ2021 ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች የምትጠይቀውን የወር ገቢ ከ10,000 ሪንጊት ወደ 40,000 አሳደገችው። በኋላ ደግሞ እንደገና ቀየረችው። እነዚህን አገሮች ለመውቀስ አይደለም። የራሳቸው ጉዳይ ነው፣ መብታቸውም ነው። እኔን ያሳሰበኝ 62 ዓመት ሲሆን የተፈረመ ነገር 82 ሲሆን ምን ሆኖ እንደሚጠብቅ ነው። በ62 ዓመት ሻንጣ አንስቶ ሌላ አገር መሞከር ይቻላል። በ82ስ?

ታይላንድን ተመልከቱ። ዕድሜው 50 የሞላውን ጡረተኛ ትቀበላለች። ባንክ ውስጥ 800,000 ባት ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ አሳይቶ በየዓመቱ ያድሳል። ፓናማ ደግሞ በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ላለው በሯ ክፍት ነው። ሁለቱም ለጤነኛ ሰው ቀላል ናቸው። እኔ ግን ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ቪዛው በማን ስም ነው? ባለጡረታው ቢሞት የቀረው ሰው በምን ወረቀት ይቆያል?" ባለቤቴ ያንን ጥያቄ አንብቦ ዝም አለ። ከዚያ በፊት ሁለታችንም አስበነው አናውቅም ነበር።

ሄደን ለመሞከር የወሰንነው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አንዲት ትንሽ ቤት ለአራት ወር ተከራየን። የአገሩን ስም አልጠራም፣ በሰዎቹ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝምና። ቋንቋውን 14 ወር ተምሬያለሁ። ዋጋ እጠይቃለሁ፣ መንገድ እጠይቃለሁ፣ ሰላምታ እለዋወጣለሁ። የመጀመሪያው ወር እንደ ሕልም ነበር። የባለቤቴ ጉልበት ተሻለው። ጠዋት ጠዋት ያለ ምርኩዝ ሲሄድ ከኋላው እያየሁ "ይሄማ ትክክል ሳይሆን አይቀርም" ብያለሁ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ከመታጠቢያ ቤት ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስሮጥ ባለቤቴ ወለሉ ላይ ወድቋል። ግንባሩ በገንዳው ጠርዝ ተተርትሯል። ፎጣ ይዤ ጫንኩበት። ደሙ አልቆም አለኝ። የልብ ምቱ ስለሚዛባ የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። በግራ እጄ ፎጣውን እንደያዝኩ በቀኜ ወደ ድንገተኛ አገልግሎት ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው አድራሻ እየጠየቀች እንደሆነ ጠረጠርኩ። የመንገዱን ስም ተናገርኩ፣ እሷ ግን አልለየችውም። "ወድቋል" ማለት እችላለሁ። "ደም" ማለት እችላለሁ። "የደም ማቅጠኛ ይወስዳል" የሚለውን ግን በዚያ ቋንቋ ተምሬው አላውቅም። የመድኃኒቱን ካርቶን አንስቼ የተጻፈበትን እየቆጠርኩ ለማንበብ ሞከርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካርቶኑ ደም ላይ ወደቀ።

ስልኩን ሳልዘጋ ወጥቼ የጎረቤት በር ደበደብኩ። የከፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አለ። እጄን አዩ፣ ምንም አልጠየቁኝም። ስልኩን ተቀብለው ተናገሩ። አምቡላንስ በ20 ደቂቃ ደረሰ። ባለቤቴ ስድስት ቦታ ተሰፋ። ፎቶ ተነሣ፣ አንጎሉ ደህና ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ቅጽ ፈረምኩ። አንዱንም አላነበብኩትም። 27 ዓመት ሙሉ ለሰው "ሳታነቡ እንዳትፈርሙ" ስል የኖርኩ ሰው!

ከዚያ በኋላ እኚያን ጎረቤት ለማመስገን ሄድኩ። እንግሊዛዊት ናቸው። 79 ዓመታቸው ነበር። ከባላቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ጡረታ እንደወጡ ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏል። የሠራሁትን ሥራ ስነግራቸው ከመሳቢያ አንድ ፋይል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ያሉበት አገር ጡረታ ከማይጨመርባቸው አንዱ ነው። ሲወጡ ሙሉው መሠረታዊ ጡረታ በሳምንት 82 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነበር። እኔ ባየሁበት ዕለትም ያው 82 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነው። አገራቸው የቀረ እኩያቸው በዚያው ዓመት 169 ፓውንድ ከ50 ያገኝ ነበር። ልዩነቱን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። ለምደውታል።

"ለምን አይመለሱም?" አልኳቸው።

"የነበረንን ቤት ሸጠን ነው የመጣነው" አሉኝ። "ይሄኛውን ለመሸጥ ሦስት ዓመት ሞከርኩ። ብመለስስ ማን ያውቀኛል? እህቴ ሞታለች። እሱ ደግሞ እዚህ ነው የተቀበረው።" ትንሽ ቆዩና፣ "ስንመጣ የወሰንነው ለሁለታችን ነበር" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጉዳዩን እስከዚያ ቀን የመዘንነው በተሳሳተ ሚዛን መሆኑን አየሁት። "እኛ እዚያ ደስ ይለናል ወይ?" ነበር የምንለው። መልሱ አዎ ነው፣ ደስ ይለናል። መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ቀድመን እንሄዳለን። የሚቀረው ሰው ያረጀ ይሆናል፣ ያዘነ ይሆናል፣ ምናልባትም የታመመ። ገቢውም ይቀንሳል። በአሜሪካው ሶሻል ሴኩሪቲ እንኳ ባልና ሚስት ሁለት ክፍያ ሲያገኙ ኖረው አንዱ ሲሞት ለቀረው የሚተርፈው ከሁለቱ ትልቁ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ግን በግማሽ አይቀንስም። የመርሳት ሕመም ከመጣ ደግሞ በጉልምስና የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ የሚጠፋባቸው ሰዎች አሉ። የሚያስታምማቸው ሰው ሲያናግራቸው በእናት ቋንቋቸው ብቻ ይመልሳሉ። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዕድሜ "ጠማኝ" ብለው የሚሰማ ሲጠፋ።

የውርሱ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 17 ቀን 2015 ጀምሮ፣ ከዴንማርክና ከአየርላንድ በቀር በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ የሟች ውርስ የሚዳኘው በመደበኛነት በመጨረሻ ይኖርበት በነበረው አገር ሕግ ነው። ሰውየው በኑዛዜው "የዜግነቴ አገር ሕግ ይሁን" ብሎ ካልጻፈ በቀር። ከእነዚህ አገሮች በብዙዎቹ ልጆች በሕግ የተጠበቀ ድርሻ አላቸው። "ሁሉም ለሚስቴ ነው" ብሎ በአፉ ብቻ የተናገረ ባል ሚስቱን ምን ውስጥ ጥሏት እንደሚሄድ አስቡ። አንዲት መስመር ኑዛዜ ያንን ሁሉ ጣጣ ታስቀር ነበር።

ኪራያችን ሲያልቅ ተመለስን። ከዚያ ባለቤቴን አንድ ነገር ለመንኩት። ሁለት ወረቀት ቀደድኩና፣ "ብቻህን ብትቀር የት ትኖራለህ? ጻፈው፣ አታሳየኝ፣ እኔም እጽፋለሁ" አልኩት። እሱ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

የእሱ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "ብቻዬን ከቀረሁ እዚያ አንድ ወር አልቆይም። ተመልሼ ወንድሜ አጠገብ ቤት እከራያለሁ።" ያ ሁሉ የባሕር ናፍቆት፣ ያ ሁሉ የግራ ገጽ ጽሑፍ፣ ያለ እኔ ከሆነ ምንም እንዳልሆነ ሳነብ አለቀስኩ።

የእኔ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "እመለሳለሁ። ግን ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የት እንደምገባ አላውቅም።"

ይሄን ስጽፍ ራሴም ደነገጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የባሕር ማዶውን ቀዳዳ ስፈልግ የራሴን ቤት አንድ ቀን አልመዘንኩትም። አገር ቤት መቅረት ማለት ምንም አለመወሰን ይመስለኝ ነበር። መቅረትም ውሳኔ ነው፣ እሱም ሂሳብ አለው። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ የሆኑ፣ ጓደኞቻቸው ያለቁባቸው፣ ደረጃ መውረድ አቅቷቸው ሳምንት ሙሉ ፀሐይ የማያዩ ሰዎች አሉ። በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው ብቻቸውን ናቸው። "አገሬ ነኝ" ማለት ብቻውን ሰው አይሆንም።

ደግሞ መሄድ ትክክል የሆነላቸውም አሉ። አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ባሏ ከሞተ በኋላ ሴት ልጇ ወዳለችበት አገር ሄደች። ቋንቋውን አታውቅም። አየሩም አይስማማትም። ግን የልጅ ልጇ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን የምትከፍትለት እሷ ናት። ብትታመም የሚጠራላት፣ የሚፈርምላት ሰው አላት። በስልክ ሳናግራት ድምፅዋ ሙሉ ነው። እሷ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቃ ነው የሄደችው። ብቻዋን ስለቀረች መልሱን መገመት አላስፈለጋትም።

እኛ ምን አደረግን? የሦስተኛ ፎቁን ቤት ለቀን ምድር ቤት ገባን፣ ከባለቤቴ ወንድም አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ። ሁለታችንም ኑዛዜ ጻፍን። የውክልና ወረቀትም አዘጋጀን፣ አንዳችን መናገር ቢያቅተን ሌላው እንዲናገርለት። በብርዱ ወራት ደግሞ ሁለት ወር ለጉልበቱ ሲባል ወደዚያው ባሕር እንሄዳለን። ብዙ አገሮች በዓመት ከ183 ቀን በላይ የተቀመጠን ሰው የግብር ነዋሪ፣ ማለትም ግብሩን ለእነሱ የሚከፍል ሰው፣ አድርገው ይቆጥሩታል። ሁለት ወር ከዚያ በጣም በታች ነው። ቤት አልገዛንም፣ እንከራያለን። "እባክዎ አምቡላንስ፣ ባለቤቴ የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ አድራሻዬ ይሄ ነው" የሚለውን በዚያ ቋንቋ በትልልቁ ጽፌ ስልኩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ጎረቤቴ ናቸው አነባበቡን ያረሙልኝ። በአፌም አውቀዋለሁ።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለዚህ ጉዳይ እንደገና ስትጽፉ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነውን ብቻ አታነጋግሩ። ከሄደ 20 ዓመት የሆነውን ፈልጉ። ባሏ የሞተባትን፣ ሚስቱ የሞተችበትን ፈልጉ። እዚያ የቀሩትንም፣ የተመለሱትንም። የወር ወጪያቸውን ጠይቁ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ሌሊት ሲታመሙ ለማን እንደሚደውሉ ጠይቋቸው፣ መልሳቸውንም ከፎቶው በላይ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ አንባቢያችሁ